የምርጫ ኦዲት ምንድን ነው?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ከእናቴ ጋር ጤፍ ለመግዛት ስወርድ ሁሌ የማየው ነገር አለ። ነጋዴው የጆንያውን አፍ ከፍቶ «ማኛ ነው፣ እናቴ» ይላታል። እሷ ግን ከላይ ባለው አታምንም። እጇን እስከ ክርኗ ሰድዳ ከመሀል ዘግና ታወጣለች። ከላይ ማኛ፣ ከስር ሰርገኛ የሆነ ጆንያ ብዙ አይታለች።

የምርጫ ኦዲትም እንዲሁ ነው። ድምፅ በማሽን በሚቆጠርበት አገር፣ ማሽኑ ውጤቱን ከተናገረ በኋላ፣ መራጮች ምልክት ያደረጉባቸው ወረቀቶች በዕጣ ይወጡና ሰው በዓይኑ አይቶ ይቆጥራቸዋል። ዕጣው የግድ ነው። አለዚያ ነጋዴው ራሱ ዘግኖ እንደሚሰጠን ይሆናል።

ማሽን ይሳሳታል? አዎ፣ ማንም ሳያጭበረብርም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ብራሰልስ ውስጥ ስካርቤክ በሚባል ቦታ አንዲት እጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ አገኘች። ቁጥሩ 12 ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ የሚመጣው ነው። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዘው በዜሮና በአንድ ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ ከቀደመው እጥፍ ያወጣል። ማለትም በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ አንዲት ዜሮ ወደ አንድ ተገልብጣለች። ከጠፈር የመጣ ጨረር ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ስህተቱ የታወቀው እጩዋ ልታገኝ ከምትችለው በላይ ድምፅ ስላገኘች ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ትርፉ 4,096 ሳይሆን 64 ቢሆን ኖሮ ማን ልብ ይለው ነበር?

በ2019 ደግሞ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ በአንድ አውራጃ 55,000 ያህል ሰው መርጦ ማሽኖቹ ለአንድ የዳኝነት እጩ 164 ድምፅ ብቻ አሳዩ። ወረቀቱ ሲቆጠር ሰውየው አሸንፎ ተገኘ። ወረቀት ባይኖርስ? ያ ማለት አፉ የተሰፋ ጆንያ መግዛት ነው።

ስንት ወረቀት ይታይ? የስታቲስቲክስ ምሁሩ ፊሊፕ ስታርክ እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረበው ዘዴ፣ መልሱ በእጩዎቹ ልዩነት ይወሰናል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጥቂት ይበቃል። ጠባብ ከሆነ ደጋግሞ መዝገን ነው። ጥርጣሬው አልጠራ ካለ ጆንያው እንዳለ ይዘረገፋል፤ ሁሉም በእጅ ይቆጠራል። የአሜሪካዋ ግዛት ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘዴውን በግዛቱ ሁሉ ሥራ ላይ አውላዋለች።

እኛ ጋ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት ነው። ቆጠራውም እዚያው ጣቢያው ላይ ይካሄዳል፤ ውጤቱም ይለጠፋል። ግን ሰዎች በእጅ ሲደምሩም ይሳሳታሉ፣ በተለይ ሌሊቱ ከገፋ። ስለዚህ የተለጠፈውን ወረቀት ቀርባችሁ እዩት። ቁጥሩን ያዙና በኋላ ከሚታወጀው ጋር አስተያዩት።