«ንጹህ ከሆነ ለምን ዝም ይላል?» ስለ ዝምታ መብት በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

«ተጠርጣሪው ቃሉን ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነም» የሚል ዜና ሲወጣ ብዙ ሰው ፍርዱን እዚያው ይጨርሳል። «በቃ፣ እሱ ነው!» ይላል። ይሄ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። በወንጀል ጉዳይ ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም የሚለው መብት ወረቀት ላይ ብቻ እንዲቀር ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ እንዲህ ያለው አስተሳሰባችን ነውና። በተደጋጋሚ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ንጹህ ሰው የሚደብቀው ስለሌለ ይናገራል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። ምርመራ ክፍል የተቀመጠ ሰው በምን እንደተጠረጠረ እንኳ በደንብ ላያውቅ ይችላል። መርማሪው ምን ማስረጃ እንደያዘ ደግሞ ጭራሽ አያውቅም። ፈርቷል፣ እንቅልፍ አጥቷል። «ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?» ሲባል «ቤቴ» ይላል። ያን ማታ ጓደኛው ዘንድ አምሽቶ እንደነበር የሚያስታውሰው በኋላ ነው። ያኔ ግን መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «ረሳ» ሳይሆን «ዋሸ» ነው። እንዲያውም ንጹህ ሰው የበለጠ ይጋለጣል፤ የሚያስፈራው ነገር የሌለ ስለሚመስለው ጠበቃ ሳይጠይቅ የመጣለትን ሁሉ ያወራል።

ከዚህም የባሰ አለ። ያላደረገውን «አድርጌያለሁ» የሚል ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ስትሮጥ የነበረች ሴት ክፉኛ ተደብድባና ተደፍራ ተገኘች። ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው አምስት ልጆች ለብዙ ሰዓት ተመረመሩ። በድርጊቱ እንደተሳተፉ የሚያሳይ ቃል ቀረበባቸው፣ የአራቱ በቪዲዮ ጭምር የተቀረጸ ነበር። ተገደን ነው ብለው ቢከራከሩም፣ የዲኤንኤ ምርመራው ከአንዳቸውም ጋር ባይገጥምም፣ ተፈረደባቸው። በ2002 በሌላ ወንጀል የታሰረ ሰው «ብቻዬን ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለ፣ የእሱ ዲኤንኤ ገጠመ፣ የልጆቹም ፍርድ ተሰረዘ። እስከዚያ ግን ለዓመታት ታስረውበታል። አንድ ሰው በገዛ አፉ «አዎ» ካለ በኋላ ሌላው ማስረጃ ሁሉ ክብደቱን ያጣል፤ ይህን መብት አጥብቄ የምይዘው በዋናነት ለዚህ ነው።

«መብቱ የወንጀለኛ መደበቂያ ነው»

ከየት እንደመጣ እንይ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ «ስታር ቻምበር» የሚባል ፍርድ ቤት ነበር። ሰውን አምጥቶ፣ የተከሰሰበትን ገና ሳይነግረው፣ የሚጠየቀውን ሁሉ በእውነት እንዲመልስ ያስምለዋል። መሐላው ወጥመድ ነበር። እውነቱን ከተናገረ በራሱ ላይ ያስፈርዳል፣ ከዋሸ በሐሰት ምሏል፣ አልምልም ካለ ለእምቢታው ይቀጣል። ጆን ሊልበርን የሚባል ወጣት በ1637 ያልተፈቀዱ መጻሕፍት አስገብተሃል ተብሎ ተያዘና «አልምልም» አለ። በሚቀጥለው ዓመት በአደባባይ ተገረፈ። ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1641 ፈረሰ። መብቱን በግርፋት ያስከበሩት እንዲህ ስለ እምነታቸውና ስለ ጽሑፋቸው የተያዙ ሰዎች ናቸው።

ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የከሰሰ ያስረዳ። መንግሥት መርማሪ አለው፣ ላቦራቶሪ አለው፣ ምስክር የማስጠራት ሥልጣን አለው። ተከሳሹ ንጽህናውን የማስረዳት ግዴታ ከሌለበት፣ ጥፋቱን ለከሳሹ አውጥቶ የመስጠት ግዴታም ሊኖርበት አይችልም።

«ታዲያ ወንጀለኛው አያመልጥም ወይ?» ለሚል፣ የኧርነስቶ ሚራንዳን ጉዳይ ልጥቀስ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 ፍርዱን የሻረለት መብቱ ሳይነገረው የእምነት ቃል ሰጥቷል በሚል ነበር። በ1967 ያ ቃል ሳይቀርብ እንደገና ተከሰሰ፣ በሌላ ማስረጃ ጥፋተኛ ተባለ። ዐቃቤ ሕግ ሥራውን ሠራ፣ አለቀ።

«ይሄ የአሜሪካ ፊልም ነገር ነው»

አይደለም። በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 ማንም ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር ወይም ጥፋተኛ ነኝ እንዲል አይገደድም ይላል። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የሮም ስምምነትም የተከሳሹ ዝምታ ጥፋተኝነቱን ለመወሰን ግምት ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19ም የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለውና ይህም በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው እንደሚገባ ደንግጓል።

ፊልሞቹ ያመጡብን ሌላ ስህተት ግን አለ። ካቴናው ሲገባ መብቱ ካልተነበበ ክሱ ውድቅ የሚሆን ይመስለናል። በአሜሪካ ማሳሰቢያው የሚያስፈልገው በቁጥጥር ሥር ያለ ሰው ከመጠየቁ በፊት ነው። ካልተነገረው በመርህ ደረጃ የሚወድቀው የሰጠው ቃል እንጂ ክሱ በሙሉ አይደለም።

«ዝም ማለት ከተፈቀደ መዋሸትም ይቻላል»

ይሄ ብዙ ሰው አስበልቷል። ዝም ማለት ሌላ፣ መዋሸት ሌላ። ታዋቂዋ አሜሪካዊት ነጋዴና የቴሌቪዥን አቅራቢ ማርታ ስቱዋርት በ2004 ጥፋተኛ ተብላ 5 ወር የታሰረችው ከአንድ የአክሲዮን ሽያጭ ጋር በተያያዘ ለመርማሪዎች ውሸት በመናገርና ምርመራውን በማደናቀፍ ነው፤ በውስጥ መረጃ በመነገድ፣ ማለትም ሕዝብ የማያውቀውን የኩባንያ ምስጢር ይዞ አክሲዮን በመሸጥ፣ በወንጀል አልተከሰሰችም። አልናገርም ብትል ኖሮ ለዚያ ለብቻው የሚያስቀጣት ነገር አልነበረም።

«መብቱ ካለኝ አሻራም ደምም አልሰጥም»

መብቱ የሚጠብቀው በዋናነት ከአእምሮ የሚወጣውን ነው፤ ቃልን፣ ምስክርነትን። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1996 በሳውንደርስ ጉዳይ እንዳለው፣ ከሰውየው ፈቃድ ውጭ ራሱን ችሎ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ደም፣ ሽንት፣ ትንፋሽ፣ በሕጋዊ መንገድ ከተወሰደ በዚህ መብት አይሸፈንም። አስቸጋሪው ስልክ ነው። የይለፍ ቃሉ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ «ክፈት» ማለት «ተናገር» ከማለት ይለያል ወይ? አገሮች አልተስማሙም። እንግሊዝ በ2000 ባወጣችው ሕግ የተቆለፈ መረጃ መክፈቻ አልሰጥም ማለት በራሱ ሊያስቀጣ ይችላል። በእኔ እምነት ይሄ መብቱን ከጀርባው የሚሸረሽር ነው።

«ዝም ካሉ ምንም አይመጣም»

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሁልጊዜ አይሠራም። በእንግሊዝ ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ፣ ሲጠየቅ ያልተናገረውን በኋላ ለመከላከያው ያነሳ ተከሳሽ፣ ዝምታው ላይ ፍርድ ቤቱ አሉታዊ ግምት ሊወስድበት ይችላል፤ በዝምታው ብቻ ግን ጥፋተኛ አይባልም። በአሜሪካ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ እንደማይበቃ፣ መብቴን እጠቀማለሁ ብሎ በግልጽ መናገር እንደሚያስፈልግ ወስኗል። ዝም ለማለት መናገር ያስፈልጋል ማለት ነው። ግራ ያጋባል፣ ግን «ጠበቃዬ ሳይኖር መልስ አልሰጥም» የምትለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር በብዙ ቦታ ብዙ ታድናለች።

ምስክርም ቢሆን ራሱን የሚያስከስስ ጥያቄ ላለመመለስ መከራከር ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ግን የሚናገረው በእሱ ላይ እንደማይቀርብ ዋስትና ከተሰጠው እንዲመልስ ሊገደድ ይችላል።

«አንዴ ከጀመርኩ፣ ወይ ከፈረምኩ፣ አለቀልኝ»

አላለቀም። በብዙ አገሮች ሕግ አምስት ጥያቄ መልሶ በስድስተኛው ማቆም ይቻላል። በማሰቃየት የተገኘ ቃል ደግሞ በሰውየው ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ በ1984 የጸደቀው ፀረ ማሰቃየት ስምምነት በአንቀጽ 15 ይከለክላል። ስለዚህ ተገድዶ የፈረመ ሰው ይህን ለጠበቃው ሳይውል ሳያድር ይንገር፣ ፍርድ ቤት በቀረበበት የመጀመሪያ ቀንም ያስመዝግብ፤ ሰውነቱ ላይ ምልክት ካለ ሐኪም እንዲያየው ይጠይቅ። ገና ያልፈረመ ደግሞ የተጻፈው ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲነበብለት ይጠይቅ፣ ያላለውን ካገኘበትም ሳይታረም አይፈርም።