ደቻቱን የሚያዝ ልብንም ይከፍታል

ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት እንዳለ የደቻቱ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ደጋው ላይ ነው። እኛ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ወበቁን ስናማ ውሃው ቁልቁል መንገድ ጀምሯል። ትናንት ሰው በእግሩ ሲሻገረው የዋለ ደረቅ አሸዋ በአንድ ጊዜ ወንዝ ይሆናል። ማንንም አያስፈቅድም።

እግዚአብሔር ኢዮብን ሲጠይቀው እንዲህ ያለውን ነገር አንስቶበታል። ምዕራፍ 38ን አንብቡት። ለጎርፉ መውረጃ የቀደደለት ማን ነው? ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ዝናብ የሚያዘንበው ማን ነው? ይለዋል። እኔን ሁሌም የምትገርመኝ ያቺ «ሰው በሌለበት» የምትለዋ ናት። እዚያ የሚዘራ የለም። የሚያጭድ የለም። «ተመስገን» የሚልም የለም። እሱ ግን ያዘንባል።

የከተማችን ታሪክ ራሱ የሚገርም ነው። ባቡሩ መድረስ የነበረበት ሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት ከበደና ሃዲዱ ከታች ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተቆረቆረች። መሐንዲሶቹ ያሰሉት ዳገቱንና ወጪውን ነው። የሐዋርያት ሥራ 17፥26 ግን ሰዎች የሚኖሩበትን ዘመንና ስፍራ የወሰነው እግዚአብሔር ነው ይላል። ዛሬ ሳቢያንም ሆነ መጋላ የምንኖረው በእነዚያ መሐንዲሶች ስሌት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስለ እግዚአብሔር ሉዓላዊነት ለድሬ ሰው መናገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። 1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊወጣ ሲል ያ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ሰዉ ተኝቶ ነበር። እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስ «ኃጢአታቸው ነው» የሚል አማኝ አይጠፋም። እባካችሁ ይሄን አንበል። ሉቃስ 13 ላይ ጌታ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች አንስቶ፣ «ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋል?» ብሎ ጠይቋል። አይደለም ብሎም ራሱ መልሷል። ከዚያ ነገሩን ወደሚሰሙት ሰዎች አዞረውና «እናንተም ንስሐ ግቡ» አላቸው። ያ ቤት ተወስዶ ይሄኛው ለምን ተረፈ? መልሱን ኢዮብም አልተነገረውም። የተነገረው ውሃው ጌታ እንዳለው ነው። ይህንንም ቢሆን ለቅሶ ቤት ይዞ ሄዶ መስበክ ደግ አይደለም። እዚያ የሚያስፈልገው አብሮ ማልቀስ ነው።

እስከዚህ ድረስ ብዙዎቻችን እንስማማለን። ስለ ተራራውና ስለ ወንዙ ሲሆን «ሁሉን ቻይ» ለማለት አንሰስትም። ነገር የሚበላሸው ስለ መዳናችን ስናወራ ነው። እስቲ ምስክርነታችንን ልብ ብላችሁ ስሙት። «ጫት አቆምኩ፣ ሲጋራ ጣልኩ፣ ቆርጬ ተነሳሁ፣ ጌታን ተቀበልኩ።» ሁሉንም ያደረግኩት እኔ ነኝ! ጌታ መጨረሻ ላይ እንደ እንግዳ ብቅ ይላል።

ሰዉ ወንጌልን እንደ መግቢያ ፈተና የሚሰማው በዚህ ንግግራችን የተነሳ ይመስለኛል። ከቀትር በኋላ የአወዳይ ጫት ገብቶ ከተማው ወደ በርጫው ሲያዘግም አንዱን ጎረምሳ አናግሩት። «አቦ ቆይ፣ መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል፣ ከዚያ እመጣለሁ» ይላችኋል። ጨዋ መልስ ነው፤ ትሕትናም ይመስላል። ግን እኮ ራሱን ማስተካከል ቢችል ኖሮ አዳኝ ምን ያደርግለት ነበር?

ዘፍጥረት 1፥2 እንዲህ ይላል፦ «ምድርም ባዶ ነበረች፥ አንዳችም አልነበረባትም፤ ጨለማም በጥልቁ ላይ ነበረ።» ያ ጨለማ ምን አዋጣ? ብርሃን ከመምጣቱ በፊት ትንሽ ፈካ ብሎ ጠበቀ? ምንም። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 4፥6 ያንኑ ቀን አንስቶ፣ በጨለማ ብርሃን ይብራ ያለው እግዚአብሔር በልባችን ውስጥ በራ ይላል። ዓለምን የፈጠረውና እኛን ያዳነው አንድ እጅ ነው። አብርሃም ያመነው አምላክም በሮሜ 4፥17 ለሙታን ሕይወትን የሚሰጥ፣ የሌለውን እንዳለ አድርጎ የሚጠራ ተብሏል። ይህ የተጻፈው ደግሞ ሰው ያለ ሥራ በእምነት እንደሚጸድቅ በሚያስረዳው ምዕራፍ ውስጥ ነው። ኤፌሶን 2 ላይም በበደላችን ሙታን ነበርን ተብለናል። የሞተ ሰው ደግሞ ራሱን አያስተካክልም።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። ብርሃንን ሲፈጥር ቃል በቃው። እኛን ለማዳን ግን ልጁን ሰጠ። ጸጋ በነጻ ነው ስንል ዋጋ አልተከፈለበትም ማለታችን አይደለም። የከፈልነው እኛ አይደለንም ማለታችን ነው። ጎልጎታ ላይ ተከፍሏል።

ልድያን አስቧት። ቀይ ሐር ነጋዴ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ብትመጣ ሥራ አታጣም። ፊልጵስዩስ ላይ በወንዝ ዳር ተቀምጣ ጳውሎስን ትሰማ ነበር። አጠገቧ ሌሎች ሴቶችም ተቀምጠዋል። ሉቃስ ስለ እሷ ሲጽፍ ጎበዝ አድማጭ ነበረች አላለም። «ጌታ ልብዋን ከፈተላት» ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ነው የተጠመቀችው፣ ቤቷንም ለእንግዳ የከፈተችው።

«ታዲያ ጫቱስ? እየቃምኩ ልቀጥል?» የሚል ይኖራል። ኤፌሶን 2፥8-9ን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ይልና ቁጥር 10 ላይ ሳይደርስ ያቆማል። እዚያ ላይ «ፍጥረቱ ነንና» ይላል። በክርስቶስ የተፈጠርነው አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካሙን ሥራ እንድናደርግ ነው። ጫቱ ይቆማል፤ ትግልም አለው፤ ወድቆ መነሳትም ሊኖር ይችላል። ግን የሚታገለው ሰው ለመዳን ብሎ አይደለም። ድኗል።

«ሁሉን እሱ ከሠራ እኛ ለምን እንሰብካለን፣ ለምንስ እንጸልያለን?» የሚሉም አሉ። እንዲያውም እሱ ልብ ባይከፍት ኖሮ ነበር ስብከታችን ከንቱ የሚሆነው። ለዓመታት የጸለያችሁለት ወንድም፣ ስሙ ሲነሳ ቤተሰቡ ሁሉ «እሱን ተዉት» የሚለው፣ ከዘፍጥረት ጨለማ አይብስም። ቆሮንቶስም የንግድ ከተማ ነበረች፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሞላባት፣ ወሬዋም ብዙ። ጳውሎስ እዚያ ፈራ። ጌታም በሌሊት «አትፍራ፣ ተናገር፣ ዝም አትበል» አለው። የሰጠውም ምክንያት «በዚህ ከተማ ብዙ ሕዝብ አለኝ» የሚል ነው። ገና ብዙዎቹ አላመኑም፤ እሱ ግን «አለኝ» ይላል። ጳውሎስም ዓመት ከስድስት ወር እያስተማረ እዚያው ተቀመጠ።