አበባና እጣቢ፦ ቆሻሻ ውሃን በዕፅዋት ማጣራት፣ ከደሴ እስከ ጨፋ

ደሴ ላይ ልብስ ሲታጠብ እጣቢው ወይ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ ወይ ጓሮ ጌሾው ሥር። ሁለተኛው ዘዴ ተለክቶና ሰፋ ተደርጎ ሲሠራ ሰው ሠራሽ ረግረግ ይባላል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ኬተ ዛይደል በውሃ ዳር ዕፅዋት መሞከር ጀመሩ። ዛሬ በብዙ ሞቃት አገሮች ለዓይን የሚያምሩ አበቦች ይተከሉበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ገንዳ ይቆፈራል። ውሃ እንዳያሰርግ ይለበጣል፣ ጠጠር ይሞላል፣ ተክሉ ይተከላል። ውሃው በጠጠሩ መሐል ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ጥቂት ቀን ይቆያል። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ መዝቀጥ አለበት።

ሰው አበባው ቆሻሻውን የሚጠጣው ይመስለዋል። ከታች አንድ ጠጠር አውጥታችሁ ብትዳስሱት ያሟልጫል። ዋናው ሠራተኛ ያ ልጋግ ነው፤ ቆሻሻውን የሚበሉ ጥቃቅን ሕዋሳት የሚኖሩት እዚያ ላይ ነው። ሥሩ ማደሪያና ትንሽ ኦክስጅን ይሰጣቸዋል። ተክሉ ራሱ ከናይትሮጅኑና ከፎስፈረሱ የሚወስደው ድርሻ ያን ያህል አይደለም።

ካና ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ቅጠሉ የሙዝ ይመስላል፣ አበባው ቀይ ወይም ቢጫ ነው፣ እጣቢ አይፈራም። ሜክሲኮ ውስጥ ካላ ሊሊም ተሞክሯል። ሳይንሳዊ ስሙ ላይ «ኤትዮፒካ» አለበት፣ ትውልዱ ግን ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በስሙ አንኩራ። ደንገልና ፊላ ደግሞ የኛው ናቸው። እምቦጭም ውሃ ያጣራል፣ አበባውም ያምራል። ግን ጣናን ያየ ሰው ወንዝ አጠገብ አይተክለውም።

ወሎ ላይ ነገሩን የሚያከብደው ቁልቁለቱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከላይ የተደፋው በቦርከና ወንዝ በኩል ታች ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ዘይቱንም ፌስታሉንም ጠራርጎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጎርፍ አንድ ሜዳ ገንዳ አይችለውም፣ በአንድ ሌሊት ጠጠሩን ይዞት ይነጉዳል። እርከን ይሻላል፦ ትንንሽ የአበባ መደቦች አንዱ ከአንዱ በታች፣ የተረፈው ውሃ በጎን እንዲያልፍ። እርከን መሥራት ደግሞ ለወሎ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም።

ሙቀቱም ለውጥ ያመጣል። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ሕዋሳቱ ይፈጥናሉ። የደሴ የታኅሣሥ ብርድ ግን ያዘገያቸዋል፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ መደብ ያስፈልጋል።

የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ሌላ ጣጣ ነው። ቆዳ ሲለፋ የሚገባው ክሮሚየም የሚባል ብረትና የጨርቅ ቀለም በአበባ ብቻ አይወጡም፤ መጀመሪያ በኬሚካል መታከም አለባቸው። ክሮሚየም ሥሩና ጠጠሩ ላይ ይከማቻል። የዚያ መደብ እጭድ ለከብት አይሰጥም። ቦርከና ወርዶ የሚደርሰው ደግሞ ከብት የሚግጥበት የጨፋ ረግረግ ነው። ጨፋ ራሱ ማንም ሳይቆፍረው ውሃ ሲያጣራ የኖረ ነው። ረግረጉ እየታረሰ ሲጠብ ያ ሥራም አብሮ ይቀንሳል።

መደቡ ከተሠራ በኋላ ቶሎ የሚበላሸው መግቢያው ጋ ነው። ቅባትና የምግብ ትርፍራፊ ጠጠሩን ይደፍነዋል፣ ውሃው ላይ ላዩን ይፈስሳል፣ ሽታና ትንኝ ይመጣል። መፍትሔው አካፋ ነው። የተደፈነው ጠጠር ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይመለሳል።