አረንጓዴው መስመር፦ የእስራኤልና የፍልስጤም የመሬት ክርክር

ስለ እስራኤልና ፍልስጤም ዜና ስንሰማ «የ1967 ድንበር» የሚለው ቃል አይጠፋም። መስመሩ «አረንጓዴው መስመር» ይባላል፤ የተሰመረው ግን በ1967 አይደለም። ድንበር ይሁን ተብሎም አልተሰመረም። (እዚህ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኅዳር 1948 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሁለት የጦር አዛዦች ካርታ ዘርግተው ተቀመጡ። አንዱ የእስራኤሉ ሞሼ ዳያን፣ ሌላው የዮርዳኖሱ አብዱላህ አል-ተል ነበሩ። ዳያን ጦሩ የደረሰበትን በአረንጓዴ እርሳስ አሰመረ፣ አል-ተል ደግሞ የራሱን በቀይ። የካርታው ልኬት 1 ለ20,000 ነበር። ስለዚህ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚወፍረው የእርሳስ ጭረት መሬት ላይ ከ60 እስከ 80 ሜትር ይሆናል። ቤትም መንገድም መስመሩ ሥር ገባ። የመስመሩ ውፍረት የማን ነው? ይህ ራሱ ለዓመታት አጨቃጨቀ።

የመሬቱ ነገር ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። የኦቶማን ቱርክ መንግሥት በ1858 የመሬት ሕግ አወጣና ይዞታ ሁሉ ይመዝገብ አለ። ብዙ ገበሬ ግብሩንና የወታደር ምልመላውን ስለፈራ በስሙ አላስመዘገበም። መሬቱ በከተማ ባለጸጎች ስም ሆነ። የቤይሩቱ የሱርሶክ ቤተሰብ በሰሜን ፍልስጤም ያለውን ሰፊ የኢይዝራኤል ሸለቆ መሬት ይዞ ነበር፤ በኋላም ለአይሁድ ድርጅቶች ሸጠው። ሽያጩ በወረቀት ሕጋዊ ነው። ሲያርሰው የኖረው ጭሰኛ ግን ተነሣ። የጭሰኛን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያሻም።

በሌላ በኩል ወደዚያ የሚመጡት አይሁድ በአውሮፓ ከስደትና ከግድያ የሚሸሹ ነበሩ። ከሂትለር እልቂት በኋላ የተረፉት መግቢያ አገር አጡ። ኅዳር 29 ቀን 1947 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፍልስጤምን ለሁለት መንግሥታት የሚከፍለውን ውሳኔ ቁጥር 181 በ33 ድጋፍና በ13 ተቃውሞ አጸደቀ። 10 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ለአይሁድ መንግሥት ከመሬቱ 55 በመቶ ገደማ ተመደበ። የአይሁድ መሪዎች ተቀበሉት፣ አረቦቹ አልተቀበሉትም። ጦርነት ሆነ። ሲያበቃ እስራኤል 78 በመቶውን ይዛ ነበር። ወደ 700,000 የሚጠጉ ፍልስጤማውያን ሸሽተው ወይም ተባረው ከቤታቸው ወጡ። ይህን «ነክባ» ይሉታል፤ ጥፋት፣ መዓት ማለት ነው። እስራኤል በ1950 ባወጣችው ሕግ የሄዱት ሰዎች ንብረት «ባለቤቱ የሌለበት» ተብሎ በመንግሥት እጅ ገባ።

በ1949 የተኩስ አቁም ስምምነቶች ሲፈረሙ መስመሩ ጸና። ከግብፅ ጋር የተፈረመው ስምምነት፣ መስመሩ የፖለቲካ ድንበር ተደርጎ እንዳይወሰድ በግልጽ ይናገራል። ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ ያለችው ቤይት ሳፋፋ መንደር መሐል ለመሐል በአጥር ተከፈለች፤ ዘመድ ከዘመድ በአጥሩ ላይ ይነጋገር ነበር። የእኛም ገዳማት ተለያዩ። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በእስራኤል በኩል፣ ዴር ሡልጣን በዮርዳኖስ በኩል ቀሩ።

በሰኔ 1967 እስራኤል በስድስት ቀን ጦርነት ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን፣ ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተምዕራብ ያለውን ዌስት ባንክን፣ ጋዛን፣ ሲናንና ጎላንን ያዘች። አጥሩ ወደቀ። የቤይት ሳፋፋ ሰዎች ተገናኙ፣ ግን በወረራ ሥር። በዚያው ዓመት የአይሁድ ሰፈራ በዌስት ባንክ ተጀመረ።

እዚህ ላይ ያ የ1858 ሕግ ተመልሶ መጣ። በ1979 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤሎን ሞሬ ሰፈራ ጉዳይ ለጸጥታ ተብሎ በተወሰደ የግል መሬት ላይ ሰፈራ እንዳይቆም ወሰነ። መንግሥት ሌላ መንገድ ፈለገ። በኦቶማኑ ሕግ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ያልታረሰ መሬት ወደ መንግሥት ሊመለስ ይችላል። ከመንደር ጮኾ የሚጣራ ሰው ድምፅ የማይደርስበት መሬት ደግሞ «ሙት መሬት» ነው። በዚህ ብዙ ኮረብታ «የመንግሥት መሬት» ተባለ። ገበሬው ማስረጃ አምጣ ሲባል ከየት ያምጣ? እስራኤል በ1968 የመሬት ምዝገባውን ስታቆም ከዌስት ባንክ የተመዘገበው አንድ ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነበር። እኔን ከሁሉም የሚከነክነኝ ይህ ነው፤ ሰው አያቱ የተከሉትን ወይራ እያሳየ በወረቀት ይረታል።

በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ሼክ ጀራህ ሰፈርም ክርክሩ ተመሳሳይ ነው። በ1970 የወጣ ሕግ አይሁድ ከ1948 በፊት በዚያ የነበራቸውን ንብረት እንዲያስመልሱ ይፈቅዳል። ፍልስጤማውያን ግን በምዕራብ ኢየሩሳሌም ያጡትን ቤት በዚህ ሕግ መጠየቅ አይችሉም።

እስራኤልና የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት በ1990ዎቹ የተፈራረሟቸው የኦስሎ ስምምነቶች ዌስት ባንክን ለጊዜው ሀ፣ ለ እና ሐ ብለው ከፈሉት። 60 በመቶ የሚሆነው «ሐ» በእስራኤል ሙሉ ቁጥጥር ሥር ነው። ጊዜያዊው ክፍፍል ለአምስት ዓመት የታሰበ ነበር፤ እስካሁን አለ። ከ2002 ጀምሮ፣ አጥፍቶ ጠፊዎች በእስራኤል ከተሞች አውቶቡስና ካፌ ሲያፈነዱ በነበረበት ወቅት፣ እስራኤል የመለያ ግንብ መሥራት ጀመረች። አብዛኛው የግንቡ ክፍል ግን አረንጓዴውን መስመር አልፎ በዌስት ባንክ ውስጥ ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2004 ይህን ከሕግ ውጪ ነው አለ፤ በ2024 ደግሞ እስራኤል በግዛቶቹ መቆየቷን ራሱን ሕገ ወጥ ብሎታል።

ከጋዛ እስራኤል በ2005 ሰፋሪዎቿን አውጥታ ነበር። ከሐማስ የጥቅምት 7 ቀን 2023 ጥቃትና ከተከተለው አውዳሚ ጦርነት በኋላ፣ በጥቅምት 2025 ተኩስ አቁም ሲደረስ ሌላ መስመር ተሰመረ። «ቢጫው መስመር» ይባላል። ቢጫ በተቀቡ የኮንክሪት ብሎኮች ምልክት ተደረገበት። ከጋዛ ከግማሽ በላዩ በእስራኤል ጦር በኩል ቀረ፣ እዚያ ቤት የነበራቸው ሰዎችም ከመስመሩ ወዲህ ድንኳን ተከሉ።