ትንሣኤ ሙታንና የመጨረሻው ፍርድ በመሀል አዲስ አበባ

በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ ካቶሊክ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ሙሉ ወንጌል፣ አድቬንቲስት እየተባሉ ይለያያሉ። ክርስቶስ ዳግመኛ እንደሚመጣ፣ ሙታን እንደሚነሡና ሰው ሁሉ በፊቱ ለፍርድ እንደሚቆም ግን ሁሉም ያምናሉ። የሚለያያቸው ዋናው ነገር በሞትና በትንሣኤ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ ነፍስ የት ትቆያለች፣ ሕያዋንስ ለሟች ሊያደርጉለት የሚችሉት ነገር አለ ወይ? በመሀል ከተማው ያሉት መቃብሮች፣ ተዝካሮችና እድሮች ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ ማለትም ከእምነቱ ምሰሶዎች፣ የመጨረሻው ነው። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ እንደ ሥራዋ ወደ ገነት ወይም ወደ ሲኦል ትሄዳለች። ይህ ማረፊያ እንጂ የመጨረሻው ብይን አይደለም፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት የሚወረሱት በምጽአት ቀን፣ ነፍስ ከሥጋዋ ጋር ዳግመኛ ተዋሕዳ ነው። ከሰማንያ አንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሄኖክ ነፍሳት እስከዚያ ቀን ድረስ ተለያይተው የሚቆዩባቸውን ሥፍራዎች ይገልጻል።

ለሟች ነፍስ ዕረፍት የሚለመንበት ጸሎተ ፍትሐት የሚደርሰውም ለዚህ የመቆያ ጊዜ ነው። ካህናቱ መጽሐፈ ግንዘትን ያነባሉ፤ በልማዱ ሟች ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል፤ ጌታ ከምሥራቅ ሲመጣ ፊቱን ወደ እርሱ አድርጎ እንዲነሣ ነው። ከዚያ በኋላ በሠልስት፣ በሰባት፣ በአሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት መታሰቢያ አለ። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ትልቁ የአርባው ተዝካር ነው፤ ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ነዳያን ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ለድግሱ ብድር ውስጥ የሚገባ ቤተሰብ መኖሩ ያሳዝናል፤ በትምህርቱ የተዝካር ልቡ ጸሎቱና ለድሃ የሚደርሰው ምጽዋት እንጂ የጎረቤት ግብዣ አይደለም።

ፍርዱ በምን እንደሚመዘን በሥዕልም ይታያል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የሚሳለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው በሚዛን ፊት ሲቆም ያሳያል። በአንደኛው ወገን የገደላቸው ነፍሳት፣ በሌላው በእመቤታችን ስም ለአንድ ለተጠማ ለምጻም ያጠጣው ጥርኝ ውኃ አለ። የድንግል ማርያም ጥላ ሲያርፍበት ውኃው ይመዝናል። ወንጌላውያን አማኞች በዚህ ታሪክ አይስማሙም። ሆኖም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ዳኛው የሚጠይቀው ስለ ተራበ፣ ስለ ተጠማ፣ ስለ እንግዳ፣ ስለ ታረዘ፣ ስለ ታመመና ስለ ታሰረ ሰው መሆኑን ሁሉም ያነባሉ። በደብሮቹ ደጅ እጃቸውን ለምጽዋት የሚዘረጉት ነዳያን ከዚህ ምዕራፍ ተነጥለው ሊታዩ አይችሉም።

ትምህርቱ በዚህች ከተማ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ከሁሉ በላይ የሚመሰክረው ያለ ፍትሐት የተቀበሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የረሸናቸው የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት በጅምላ ጉድጓድ ተጣሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የሞቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቤተ መንግሥት ግቢ በድብቅ ተቀበሩ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገድለው የተቀበሩበት ሳይታወቅ ቆየ። ደርግ ሲወድቅ ቤተሰቦች አስቀድመው ከጠየቁት ነገር አንዱ አጽም ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ አጽም በ1984 ዓ.ም. ወጥቶ ዳግማዊ ምኒልክ ባረፉበት በበዓታ ለማርያም ቆየ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከእቴጌ መነን ጎን አረፈ። የተረሸኑት ባለሥልጣናት መታሰቢያም በካቴድራሉ ግቢ ይገኛል። ሩብ ምእተ ዓመት ዘግይቶ የተደረገ ፍትሐት ለማያምን ሰው የፖለቲካ ሥነ ሥርዓት ሊመስለው ይችላል። ሙታን እንደሚነሡ ለሚያምን ግን አጽም የትም ተጥሎ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ጸሎቱም ጊዜ አያልፍበትም።

የዓለም ፍጻሜ መቼ ነው የሚለው ጥያቄ ሌላ መልክ አለው። ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት በዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ሲደመር ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ 2018 ዓ.ም. 7518 ነው ማለት ነው። ስለዚህ በሕዝብ ዘንድ የፍጻሜ ዘመን የሚባለው ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1500 ዓ.ም. ገደማ፣ ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን ነው። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ የኢማም አሕመድ ጦርነት መጣ። ስለ መጨረሻው ዘመን የሚተነብየው ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገር ስለ ነበር ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ይህን ስም መረጡ። ዛሬም ኑሮ ሲከፋ፣ ልጅ አባቱን ሲደፍር «ስምንተኛው ሺህ» የሚሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ቤተ ክርስቲያን ግን ቀን አትቆርጥም። በዐቢይ ጾም እኩሌታ በሚውለው በደብረ ዘይት እሑድ የማቴዎስ 24 ንባብ ሲሰማ ጦርነቱም፣ ረኃቡም፣ የሐሰተኛ ነቢያት መነሣትም ይነገራል፤ ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ከአባት በቀር የሚያውቅ እንደሌለ የተጻፈውም እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው። በስሌት ቀን የሚቆርጥ ሰባኪ ይህን ቃል ዘሎ ማለፍ አለበት።

ካቶሊኮች በጸጋ ሞተው ገና ፍጹም ላልነጹ ነፍሳት የመንጻት ሁኔታ እንዳለ ስለሚያምኑ ለሙታን ይጸልያሉ። በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተቋቋመችው መካነ ኢየሱስና ሌሎቹ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ለሟች ነፍስ ፍትሐትና ተዝካር አያደርጉም፤ መዳን በእምነት ነው፣ ከሞት በኋላ የሚለወጥ ነገር የለም ይላሉ። በቀብራቸው ላይ የሚዘመረውና የሚሰበከው ሐዘንተኛውን ለማጽናናት ነው። በጰንጠቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት የቤተ ክርስቲያን ንጥቀት (አማኞች ወደ ክርስቶስ መነጠቃቸው)፣ ታላቁ መከራና የሺህ ዓመት መንግሥት በስፋት ይሰበካሉ። አድቬንቲስቶች፣ የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልን ያቋቋሙት ማለት ነው፣ ሙታን እስከ ትንሣኤ ድረስ ምንም ሳያውቁ አንቀላፍተው እንደሚቆዩ ያስተምራሉ፤ የዘለዓለም ሥቃይንም አይቀበሉም።

ይህ ሁሉ ልዩነት በአንድ የእድር ድንኳን ሥር ይገናኛል። የሙሉ ወንጌሉ አባል ለኦርቶዶክሱ ጎረቤቱ ድንኳን ይተክላል፣ ሬሳ ይሸከማል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል፤ ወደ ተዝካሩ ላይሄድ ይችላል፣ ከለቅሶ ግን አይቀርም። አሁን ይህ አኗኗር ተናግቷል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ እድርተኞች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበታትነዋል። በአዲሱ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ሬሳውን ማን እንደሚሸከም፣ ፍትሐቱም በቀድሞው ደብር ይሁን በአዲሱ ሰፈር ቤተሰቡ ከነፍስ አባቱ ጋር ይመክራል።