የጤና መድን ደብተር ይዘው ለምን ይከፍላሉ?

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ያነጣጠረው ቋሚ ደመወዝ በሌለው ቤተሰብ ላይ ነው። መዋጮው የዓመት ነው፤ የሚመዘገበውም ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። መክፈል ለማይችሉ መንግሥት ይሸፍናል።

ሰው የሚሳሳተው ሪፈር ላይ ነው። ሕክምና የሚጀመረው ወረዳዎ ውል ከያዘበት ጤና ጣቢያ ነው። በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ ደብተሩ ቢታይም ገንዘብ ይጠየቃሉ። የሪፈር ወረቀቱን ሳይዙ አይውጡ፤ ማኅተሙን ደግሞ እዚያው መስኮቱ ጋ ቆመው ይዩ፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት ሰውን ከሆስፒታል በር መልሶ ያንከራትታል።

የአዲስ አበባ ዳርቻ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋና ሸገር ከተማ በሚዋሰኑበት አካባቢ፣ ለቤትዎ የሚቀርበው ጤና ጣቢያ በሌላ አስተዳደር ሥር ሊሆን ይችላል። ቅርበት ውል አይደለም። ስለዚህ ሲመዘገቡ «ውል ያላችሁት ከየትኞቹ ጋር ነው?» ብለው በስም ይጠይቁ። ቤት ከቀየሩም ለሁለቱም ወረዳዎች ያሳውቁ።

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አይሸፈኑም። እድሳቱን ሲታመሙ አይጠብቁ፤ ጊዜው ያለፈበት ደብተር አያሳክምም።