በሐዋሳ የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች ዕድገት፦ ከፕሮጀክት እስከ ዋናው ቡድን

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በሐይቁና በታቦር ተራራ መካከል በተንጣለለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። እንግዳ ሰው ሐይቋንና ዓሣዋን ያስታውሳል፤ በስፖርት ቤተሰቡ ዘንድ ግን ስሟ ከተነሣ ወሬው ተጫዋች ስለማፍራቷ ነው። ይህ ዳሰሳ አንድ ታዳጊ ከሰፈር ሜዳ ተነሥቶ ዋናው ቡድን እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ፣ መንገዱ የሚቆረጥበትን ቦታና ጉዳዩ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ያለውን ግንኙነት ይመለከታል።

የከተማዋ አንጋፋ ክለብ ሐዋሳ ከተማ፣ ፕሪምየር ሊጉ በአሁኑ መልኩ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ክለቦች እጅ ያወጣ የመጀመሪያው ክለብ ነው። በ1996 ዓ.ም. ያገኘውን ድል በ1999 ዓ.ም. ደገመው፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን እስኪሆን ድረስም ከመዲናዋ ውጪ ያለ ሌላ ክለብ ይህን ዋንጫ አላነሣም። ሲዳማ ቡና መነሻው ይርጋለም ቢሆንም ወደ ሐዋሳ መጥቷል፤ ደቡብ ፖሊስም ከዚችው ከተማ ወጥቶ በ2011 ዓ.ም. በሊጉ ተጫውቷል። ስለዚህ የሐዋሳ ታዳጊ ብዙ የክልል ከተሞች የሌላቸው ዕድል አለው፤ ከቤቱ ሳይርቅ የሚያንኳኳው በር ከአንድ በላይ ነው።

ከእነዚህ በሮች የወጡት ልጆች በብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ውስጥ ጉልህ ቦታ አላቸው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስትለያይ፣ ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጥቶ በዐሥር ሰው የቀረውን ቡድን ግብ ያስቆጠረው የሐዋሳው ልጅ አዳነ ግርማ ነበር። ከሐዋሳ ከተማ ወደ አዲስ አበባው ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሻግሮ፣ ኋላም ለዓመታት በግብፁ ፔትሮጄት የተጫወተው ሽመልስ በቀለ ደግሞ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ስትረታ ሁለተኛዋን ግብ ከመረብ አሳርፏል። ያ ጨዋታ በወረቀት የኢትዮጵያ የሜዳዋ ጨዋታ ነበር፤ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ የአገሪቱ ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መስፈርት ባለማሟላታቸው ዋልያዎቹ ባለሜዳ ሆነው በሰው አገር ያስተናግዱ ነበርና። ሐዋሳዎች የአዳነንና የሽመልስን ስም በኩራት ያነሣሉ፤ ሁለቱም ይበልጥ የገነኑት ከተማዋን ለቀው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ መሆኑን ሲጠቅሱ ግን ትንሽ ቅር እያላቸው ነው።

ፕሮጀክት

በኢትዮጵያ እግር ኳስ «ፕሮጀክት» የሚባለው በአንድ አሠልጣኝ ሥር፣ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት እየተሰባሰበ የሚሠለጥን፣ በዕድሜ ተቀራራቢ የሆኑ ታዳጊዎች ቡድን ነው። ቃሉ ከዕቅድ ወረቀት ወጥቶ የሰፈር ቋንቋ ሆኗል፤ «ልጄ ፕሮጀክት ገብቷል» የምትል እናት ልጇ የሕንጻ ግንባታ ላይ ተቀጠረ ማለቷ እንዳልሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ከፕሮጀክቶቹ አንዳንዶቹ በወረዳ ወይም በክፍለ ከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚደገፉ፣ አንዳንዶቹ በአንድ ቀናኢ ሰው ኪስ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። አሠልጣኞቹ በአብዛኛው የቀድሞ ተጫዋቾችና የስፖርት መምህራን ሲሆኑ፣ የሚያገኙት አበል፣ ካገኙ፣ ከትራንስፖርት የሚያልፍ አይደለም።

አንድ ተራ የሥልጠና ማለዳ ይህን ይመስላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ የሆኑ ሠላሳ ያህል ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ኳሱ አራት ነው፣ ከአራቱም አንዱ ንፋስ አይዝም። ምልክት ማድረጊያው አሸዋ የተሞላ የሃይላንድ ኮዳ ነው። ታኬታ ያለው ጥቂቱ ነው፤ አንደኛው ልጅ የታላቅ ወንድሙን ታኬታ አጥልቆ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆበታል፣ ሌሎቹ በሸራ ጫማ ወይም በባዶ እግራቸው ናቸው። አሠልጣኙ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ባለ 50 ሉክ ደብተር አውጥቶ ስም ይጠራል፤ የመጣውን ያሰምርበታል፣ የቀረውን ይጠይቃል፤ አባቱ ከልክሎት የቀረ ካለም ማምሻውን ቤቱ ድረስ ሄዶ አባቱን ይለምናል። ያ ደብተር የልጁ የእግር ኳስ ሕይወት የመጀመሪያው፣ ብዙውን ጊዜም ብቸኛው መዝገብ ነው።

ጉድለቱ የዕቃ ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በ4 ቁጥር ኳስ መጫወት ሲገባቸው በአዋቂዎቹ 5 ቁጥር ኳስ ይሠለጥናሉ፤ ኳሱ ለእግራቸው ስለሚከብድ ከቅብብል ይልቅ መጠለዝን ይለምዳሉ። ኳሱ አራት ስለሆነም ልጆች ግብ ለመምታት ረጅም ሰልፍ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ሥልጠና ውስጥ ኳስ የሚነኩት ለጥቂት ደቂቃ ነው። አራት ለአራት ሆነው በጠባብ ሜዳ ቢጫወቱ በዚያው አራት ኳስ ሁሉም ይሠራ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን የአሠልጣኝ ዕውቀት ነው የሚያስፈልገው። እውነቱን ለመናገር፣ በብዙ ፕሮጀክቶች ምርጡ ሥልጠና የሚጀመረው አሠልጣኙ «በቃ፣ ለሁለት ተከፈሉ» ካለ በኋላ ነው። የካፍ የአሠልጣኝነት ላይሰንስ ኮርሶች በየደረጃው ይሰጣሉ፤ ሆኖም ከፍ ያለ ደረጃ ያገኘ አሠልጣኝ ከታዳጊ ጋር መቆየቱን እንደ ውርደት ስለሚያየው ወደ አዋቂ ቡድን ይሄዳል። ደመወዙም ያለው እዚያው ነው።

መንገዱ የሚቆረጥበት ቦታ

የሐዋሳ ችግር፣ የአገሪቱም ችግር፣ ልጅ ማጣት አይደለም። ልጆቹ የሚጠፉት ከ16 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከፕሮጀክት የወጣ ጎበዝ ልጅ በክለቡ ከ17 ዓመት በታች ቡድን ይያዛል፣ ቀጥሎ ወደ ተስፋ ቡድን ወይም ከ20 ዓመት በታች ቡድን ያድጋል፤ እዚህ ሲደርስ የሚያስፈልገው ሳምንታዊ የውድድር ጨዋታ ነው። የታዳጊና የወጣት ሊጎች ግን በበጀትና በአስተናጋጅ እጦት ሲጀመሩና ሲቋረጡ ኖረዋል። የሌላ አገር እኩያው በየሳምንቱ ሲፈተን የኛው ልጅ ለወራት ልምምድ ብቻ ይሠራል፤ ኋላ ሁለቱ በአህጉራዊ ማጣሪያ ሲገናኙ የሚታየው ልዩነት በኳስ ችሎታ ሳይሆን በውሳኔ ፍጥነት ነው። ኢትዮጵያ በወንዶች ለፊፋ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የበቃችው አንድ ጊዜ፣ በ1993 ዓ.ም. አርጀንቲና ላይ ብቻ መሆኑም ከዚህ ተነጥሎ አይታይም።

ሁለተኛው ማነቆ ዋናው ቡድን ራሱ ነው። አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም በሚመደብ በጀት ነው፤ አመራሩ ከሜዳ ገቢ ወይም ከተጫዋች ሽያጭ ትርፍ ስለማይጠብቅ ልጅ አሳድጎ መሸጥ እንደ ሥራ አይታሰብም። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝውውር ይጧጧፋል፤ አሠልጣኙም ሁለትና ሦስት ተከታታይ ጨዋታ ከተሸነፈ ስንብት እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ የ18 ዓመት ልጅ አሰልፎ ራሱን ከሚያጋልጥ ልምድ ያለውን ማስፈረም ይመርጣል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳያልፍ ጣሪያ መቀመጡ የወጪውን ሩጫ ለመግታት ታስቦ ነበር፤ የታዳጊን ቦታ ግን በራሱ አላሰፋም። ይህ በግልጽ የታየው በግብ ጠባቂዎች ላይ ነው፦ ክለቦች የውጭ አገር በረኞችን እያስፈረሙ በመጡባቸው ዓመታት ለአገር ልጅ በአንድ ቡድን ያለችው አንዲት ቦታ ተያዘች፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚያድግ በረኛ ደግሞ የለም።

ሐዋሳ ከተማ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ይሻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የገንዘብ አቅሙ ሲሳሳ ወደ ራሱ ልጆች የመመለስ ልማድ አለው፤ መስፍን ታፈሰን የመሰሉ ወጣቶች በክለቡ ታይተው በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የብሔራዊ ቡድኑ አባል ሆነዋል። የክለቡ ተጫዋች የነበረው ሙሉጌታ ምሕረት በዋና አሠልጣኝነት መሥራቱም የከተማዋን ልጆች ከነሰፈራቸው የሚያውቅ ዓይን ወንበሩ ላይ መቀመጡ ነበር። ይሁንና ልጆቹ ዕድል የሚያገኙት በዕቅድ ሳይሆን በችግር ጊዜ መሆኑ፣ በጀት ሲመለስ በሩ እንዲዘጋ ያደርጋል።

ዕድሜ

ስለ ታዳጊ እግር ኳስ እየጻፉ ስለ ዕድሜ ዝም ማለት አይቻልም። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ምርመራን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ፣ የአጥንት ዕድገቱ የተጠናቀቀ ተጫዋች በወረቀት ማለፍ አይችልም። በአገር ውስጥ ውድድር ግን ዋናው ማስረጃ ወረቀት ነው፤ የ20 ዓመቱ ጎረምሳ ከ15 ዓመት ልጅ ጋር ሲሰለፍ በጉልበቱ ይመረጣል፣ በተፈጥሮ ችሎታው የሚበልጠው ትንሹ ልጅ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። ዋንጫውን ያነሣው አሠልጣኝ ይመሰገናል፤ የተሸነፈው ብሔራዊ ቡድኑ ነው። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በወጥ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ በወቅቱ የተመዘገበ ሕፃን 17 ዓመት የሚሞላው በ2025 ዓ.ም. ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። እስከዚያው ሐቀኛ አሠልጣኝ የሚተማመነው በትምህርት ቤት መዝገብና ልጁን ሲወለድ በሚያውቁ ጎረቤቶች ላይ ነው።

የሴቶቹ መንገድ ይበልጥ ጠባብ ቢሆንም ውጤቱ አንገት አያስደፋም። በዱራሜ የተወለደችው ሎዛ አበራ በሐዋሳ ከተማ የሴቶች ቡድን ጀምራ ወደ ደደቢት ክለብ አቀናች፤ ኋላም ማልታ ውስጥ ለቢርኪርካራ ተጫውታ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆናለች።

ያልተመዘገበ ድካም

በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል፦ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ባለው 0.5 በመቶ። ከኢትዮጵያ የሚወጡት ተጫዋቾች ቁጥር ትንሽ ስለሆነና አብዛኞቹም ውላቸው አልቆ በነፃ ስለሚሄዱ ገንዘቡ እስከ ዛሬ ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም። ቢመጣም የሚከፈለው ልጁ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ እንደነበረ በፌዴሬሽን መዝገብ ለተረጋገጠለት ብቻ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ስም የሚጠራበት ባለ 50 ሉክ ደብተር በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ የፕሮጀክቱ አሠልጣኝም ደብተሩ ሲሞላ አዲስ ይገዛል፣ አሮጌውን አልጋው ሥር ያስቀምጠዋል።